አንድ የቢራ ማስታወቂያ የአሜሪካን ገበያ እንዴት አናወጠ?

ለሃያ ዓመታት ያህል በአሜሪካ የቢራ ገበያ በሽያጭ ቀዳሚ ሆኖ የቆየው ባድ ላይት በ2023 ያንን ስፍራ ለቀቀ። የጥራት ጉድለት አልተገኘበትም፤ ዋጋውም ከተፎካካሪዎቹ ተለይቶ አልናረም፤ የገብስ እጥረትም አላጋጠመውም። የነገሩ መነሻ በማኅበራዊ ትስስር ገጽ ላይ የተለቀቀ አንድ አጭር ቪዲዮ ነበር። በተከታዮቹ ወራት ጉዳዩ ከጠማቂው ኩባንያ አልፎ ቢራውን በጭነት መኪና ወደ ግሮሰሪ የሚያደርሱ ሾፌሮችን ነካ። ቆይቶም ተመሳሳይ ክርክር ለገበሬ መኖና ትራክተር ወደሚሸጡ ድርጅቶች በር ደረሰ። (በዚህ ጽሑፍ "ዓ.ም" ካልተባለ በቀር ዘመኖቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጉዳዩ የሩቅ ሀገር ነው። ሆኖም ቪዲዮዎቹ በእጅ ስልካችን ላይ ይደርሳሉ። ስለ ነገሩ በአማርኛ ሲነገር የሚሰማው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቁጣን የሚቀሰቅስ እንጂ ምን እንደተፈጸመና ለምን እንደተፈጸመ የሚያስረዳ አይደለም። ማስታወቂያ፣ ገበያና የሕዝብ ስሜት እንዴት እንደሚተሳሰሩ ለማየት ግን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በቀላሉ አይገኝም።

ኤፕሪል 1 ቀን 2023 ዲላን ሙልቫኒ የተባለች አሜሪካዊት ተዋናይት በኢንስታግራም ገጿ ላይ አንድ ቪዲዮ ለቀቀች። ሙልቫኒ ትራንስጀንደር ናት፤ ማለትም ስትወለድ ወንድ ተብላ ተመዝግባ ኋላ ላይ ማንነቷን ሴት ብላ ያሳወቀች ናት። ከ2022 ጸደይ ጀምሮ የሴትነት ሕይወቷን በየዕለቱ በቲክቶክ ስትተርክ ቆይታ ከ10 ሚሊዮን በላይ ተከታይ አፍርታለች። በቪዲዮው ባድ ላይት ከዩኒቨርሲቲዎች የቅርጫት ኳስ ውድድር ጋር አያይዞ ያዘጋጀውን የ15 ሺህ ዶላር ሽልማት አስተዋወቀች። ኩባንያው የአንድ ዓመት ጉዞዋን ምክንያት አድርጎ የላከላትን፣ ፊቷ የታተመበትን የቢራ ጣሳም ለተመልካች አሳየች።

ብዙ ሰው ያ ጣሳ በየመደብሩ ለሽያጭ የቀረበ መስሎት ነበር። እንደዚያ አልነበረም፤ ለእርሷ ብቻ የተላከ ስጦታ እንደነበረ ኩባንያው አስታውቋል። ይህ ማብራሪያ ግን ወሬውን ሊደርስበት አልቻለም። ከሁለት ቀናት በኋላ ኪድ ሮክ የተባለው ሙዚቀኛ የባድ ላይት ካርቶኖችን ደርድሮ በጠመንጃ ሲተኩስባቸው የሚያሳይ ቪዲዮ ለቀቀ። "ባድ ላይት አንገዛም" የሚለው ዘመቻም በመላ ሀገሪቱ ተቀጣጠለ።

ሁለት ቃላት፣ ሁለት ነገር

በዚያ ሰሞን በአሜሪካ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች በአንድ ላይ ተደባልቀው ይነገሩ ነበር፤ ዛሬም በእኛ ዘንድ ይደባለቃሉ። አንደኛው ድራግ የሚባለው ነው። ድራግ የመድረክ ትርኢት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ከያኒ በተጋነነ የሴት አለባበስ፣ ጸጉርና ኩል ተውቦ ይዘፍናል፣ ይቀልዳል፣ ይተውናል። ትርኢቱ ሲያበቃ ልብሱን አውልቆ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ትራንስጀንደር የሚለው ቃል ግን ትርኢትን አይመለከትም፤ ሰው ስለ ራሱ ጾታ ያለውን ግንዛቤና በዕለት ተዕለት ኑሮው የሚኖረውን ማንነት የሚገልጽ ነው። ድራግ የሚሠራ ሰው ሁሉ ትራንስጀንደር አይደለም፤ ትራንስጀንደር የሆነ ሰው ሁሉም ድራግ አይሠራም። ሙልቫኒ የተዋወቀችው በድራግ ትርኢት አልነበረም።

ወንድ የሴት ገጸ ባሕርይ መጫወቱ በቴአትር ታሪክ እንግዳ ነገር አይደለም። በሼክስፒር ዘመን በእንግሊዝ የሴቶቹን ሚና ወጣት ወንዶች ይጫወቱ ነበር። በጃፓን የካቡኪ ቴአትር በ1629 ሴቶች ከመድረክ ከታገዱ ወዲህ የሴት ሚና የወንድ ተዋንያን ሙያ ሆኖ እስከ ዛሬ ዘልቋል። በሀገራችንም ዘመናዊ ቴአትር ሲጀመር ሴት መድረክ ላይ መውጣቷ እንደ ነውር ይቆጠር ስለነበር የሴት ገጸ ባሕርያትን ወንዶች ይጫወቱ እንደነበር ይታወቃል። ይህ ከአሜሪካው ድራግ ጋር አንድ ነው ማለት አይደለም፤ ዓላማውም መንፈሱም ይለያያል።

በአሜሪካ መደባለቁ የተባባሰው በፖለቲካው ምክንያት ነው። በማርች 2023፣ ቪዲዮው ከመውጣቱ ከሳምንታት በፊት፣ የቴነሲ ግዛት በአደባባይና ሕፃናት ባሉበት ስፍራ የሚቀርቡ የተወሰኑ ትርኢቶችን የሚገድብ ሕግ አወጣ፤ ዋነኛ ዒላማው የድራግ ትርኢት እንደሆነ በሰፊው ተነገረ። በዚያው ዓመት በርካታ ግዛቶች ለአካለ መጠን ላልደረሱ ትራንስጀንደር ልጆች የሚሰጠውን የሕክምና አገልግሎት የሚከለክሉ ሕጎች አጸደቁ። የቢራው ጣሳ የወጣው እንግዲህ እሳቱ አስቀድሞ በተያያዘበት ወቅት ነው።

ማስታወቂያው ከየት ጀመረ?

የንግድ ድርጅቶች ትራንስጀንደር ሰዎችንና የድራግ ከያንያንን በማስታወቂያ ማሳየት የጀመሩት በ2023 አይደለም። በ1970ዎቹ በኒው ዮርክ ትሬሲ ኖርማን የተባለች ጥቁር ሞዴል ነበረች። ፎቶዋ ክሌሮል በተባለው ኩባንያ የጸጉር ቀለም ማሸጊያ ላይ ለዓመታት ታትሞ ተሸጧል። ገዢዎቹ ትራንስጀንደር መሆኗን አያውቁም ነበር። በ1980 አካባቢ ነገሩ ሲወጣ ሥራው ቀረባት። ከብዙ ዓመታት ዝምታ በኋላ በ2016 ያው ክሌሮል ስሟንና ታሪኳን ጠቅሶ እንደገና የማስታወቂያው ፊት አደረጋት። የአንዲት ሴት ፎቶ በሁለት ዘመን፣ በአንድ ኩባንያ፣ በሁለት ዓይን መታየቱ የገበያውን ለውጥ ከማንኛውም ጥናት ይልቅ ያሳያል።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ማክ የተሰኘው የመዋቢያ ኩባንያ ሩፖል የተባለውን ታዋቂ የድራግ ከያኒ ቪቫ ግላም ለተባለው ሊፕስቲክ ማስታወቂያ መረጠ። የዚያ ሊፕስቲክ ሽያጭ ገቢ በኤችአይቪ ለተጠቁ ሰዎች ድጋፍ የሚውል ነበር። ማስታወቂያው ድራግን ከጠባብ የምሽት ክበብ አውጥቶ ወደ ትላልቅ መደብሮች አስገባው። ሩፖል ከ2009 ጀምሮ የሚመራው የቴሌቪዥን የድራግ ውድድር ደግሞ ትርኢቱን በየሳሎኑ አደረሰው።

ከአሜሪካ ውጭ የሕንድ ተሞክሮ ልዩ ትኩረት ይሻል። በሕንድ ሂጅራ ተብለው የሚጠሩ፣ ወንድም ሴትም ያልሆነ ማንነት ያላቸው ማኅበረሰቦች ለዘመናት ኖረዋል፤ የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2014 ሦስተኛ ጾታን በሕግ እውቅና ሰጥቶታል። ቪክስ የተባለው የጉንፋን መድኃኒት በ2017 ያሠራው ማስታወቂያ ጋውሪ ሳዋንት የተባለች ትራንስጀንደር ሴት ወላጅ አልባ ልጅ ስታሳድግ የሚያሳይ ነው። በ2021 ደግሞ በኬረላ ግዛት ቢማ የተሰኘ በ1925 የተመሠረተ የወርቅ ጌጣጌጥ ቤት፣ አንዲት ትራንስጀንደር ልጅ በየደረጃው ከቤተሰቧ ጌጥ እየተበረከተላት እስከ ሠርጓ ቀን ስትደርስ የሚያሳይ ማስታወቂያ ለቀቀ። የሁለቱም ማስታወቂያዎች ማዕከል እናትነት፣ ቤተሰብና ሠርግ ነው፤ ሕንዳዊ ተመልካች አስቀድሞ የሚያከብራቸው ነገሮች። ስታርባክስ በ2023 በሕንድ ወላጆችን ከትራንስጀንደር ልጃቸው ጋር የሚያስታርቅ ማስታወቂያ ሲያወጣ ግን እዚያም "አንገዛም" የሚል ጥሪ ተሰምቷል። ስለዚህ ሕንድ ጉዳዩ ያለ ክርክር የሚታለፍበት ሀገር ናት ብሎ መደምደም አይቻልም።

የባድ ላይት ቪዲዮ ከእነዚህ ጋር ሲነጻጸር ታሪክ የሌለው፣ በችኮላ የተሠራ ነገር ነው። ኩባንያው ለምን ያንን መረጠ? መልሱ ከቁጥር ይጀምራል። የባድ ላይት ሽያጭ ከዚያ በፊት ለዓመታት እያሽቆለቆለ ነበር። ነባር ጠጪዎቹ እያረጁ፣ ወጣቶች ወደ ሌላ መጠጥ እየዞሩ ነበር። በወቅቱ የባድ ላይት የገበያ ኃላፊ የነበረችው አሊሳ ሃይነርሻይድ ቪዲዮው ከመውጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ በሰጠችው ቃለ ምልልስ፣ ወጣት ጠጪዎችን መሳብ ካልተቻለ ምርቱ ተስፋ እንደሌለው ተናግራ፣ የቀድሞውን የማስታወቂያ ቀልድ የኮሌጅ ጎረምሶች ቀልድ አድርጋ ገልጻው ነበር። ይህ ንግግር ዘመቻው ሲጀመር ተቆርጦ ተሰራጨ። ነባሩ ጠጪም ከቪዲዮው በላይ እንደ ስድብ ቆጠረው። በእኔ ግምት ከጣሳው ይልቅ ይህ ንግግር የበለጠ ጉዳት አድርሷል፤ ደንበኛ ከማያውቀው ሰው ጋር መዋሉን ይቅር ሊል ይችላል፣ መናቁን ግን አይረሳም።

ገንዘቡ የፈሰሰበት አቅጣጫ

የአሜሪካ የሸማቾች ዘመቻዎች አብዛኛውን ጊዜ ጩኸታቸው ከውጤታቸው ይበልጣል። ለምሳሌ በ2020 ጎያ የተባለው የባቄላና የምግብ ኩባንያ ኃላፊ ፕሬዚዳንት ትራምፕን በማወደሱ ተቃዋሚዎቹ "አንገዛም" ሲሉ ደጋፊዎቹ ደግሞ በብዛት ገዙለት። ሽያጩ ጥቂት ሳምንታት ከፍ ብሎ ወደነበረበት ተመለሰ። የባድ ላይት ጉዳይ ግን እንደዚያ አልሆነም። የሽያጭ መረጃውን የመረመሩ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የባድ ላይት ሽያጭ ከቀደሙት ዓመታት ተመሳሳይ ወቅት ጋር ሲነጻጸር በ28 በመቶ ገደማ ዝቅ ማለቱን አሳይተዋል። ቅናሹም በወራት ውስጥ አልተመለሰም።

ልዩነቱን የፈጠረው የቢራው ጠባይ ነው። ባድ ላይት፣ ኩርስ ላይትና ሚለር ላይት በአንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ዋጋቸው ተቀራራቢ፣ ጣዕማቸውም ለብዙ ጠጪ የማይለይ ነው። ትራክተር ወይም የእጅ ስልክ ለመቀየር ብዙ ገንዘብና ሐሳብ ያስፈልጋል፤ ቢራ ለመቀየር ግን እጅን ግማሽ ሜትር ወደ ጎን መዘርጋት ይበቃል። በተጨማሪም ቢራ በሰው ፊት የሚጠጣ ነገር ነው። ጥርሱን በምን ሳሙና እንደሚያጥብ ጎረቤት አያይበትም፤ በጓሮ ጥብስ ላይ የትኛውን ጣሳ እንደያዘ ግን ሁሉም ያያል። በዚያ ሰሞን በገጠር ከተሞች ባድ ላይት ይዞ መታየት የጓደኛ መሳለቂያ አደረገ። ስለ ጉዳዩ ምንም አቋም የሌለው ሰው እንኳ ነገር ላለማብዛት ሲል ሌላ ጣሳ አነሳ።

በሜይ ወር ማብቂያ ላይ የቀዳሚነቱን ስፍራ የሜክሲኮው ሞዴሎ ኤስፔሲያል ወሰደው። እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ሞዴሎን ከአሜሪካ ውጭ የሚሸጠው የባድ ላይት ባለቤት የሆነው ኤቢ ኢንቤቭ ራሱ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ግን በ2013 ኩባንያው የሞዴሎን ድርጅት ሲጠቀልል፣ ገበያውን ብቻውን እንዳይቆጣጠር በማሰብ በአሜሪካ የመሸጥ መብቱን ለኮንስቴሌሽን ብራንድስ እንዲለቅ አስገድዶት ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ ያ ውሳኔ ለተፎካካሪው ትልቅ ሲሳይ ሆነ። የኤቢ ኢንቤቭ የአሜሪካ ገቢ በ2023 ሁለተኛ ሩብ ዓመት በ10.5 በመቶ፣ በሦስተኛው ደግሞ በ13.5 በመቶ ወረደ። በዓለም አቀፍ ደረጃ ግን የኩባንያው የዓመቱ ገቢ አድጓል፤ የመሥሪያ ቤቱ ማዕከል ቤልጂየም ሲሆን በየአህጉሩ ብዙ ቢራዎችን ይሸጣል።

ጉዳቱ በዋናነት ያረፈው ታዲያ በማን ላይ ነው? ይህን ለመረዳት የአሜሪካን የመጠጥ ሽያጭ ሥርዓት ማወቅ ያስፈልጋል። ከ1920 እስከ 1933 የአልኮል መጠጥ በአሜሪካ በሕግ የተከለከለ ነበር። ክልከላው ሲነሣ ግዛቶቹ ጠማቂው በቀጥታ ለመጠጥ ቤት እንዳይሸጥ አደረጉ። ጠማቂው ለአከፋፋይ፣ አከፋፋዩ ለመደብርና ለመጠጥ ቤት፣ እነዚያ ደግሞ ለጠጪው ይሸጣሉ። በመሆኑም ባድ ላይትን በየከተማው የሚያደርሱት በመቶዎች የሚቆጠሩ ራሳቸውን የቻሉ አከፋፋዮች ናቸው። ብዙዎቹ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፉ የቤተሰብ ድርጅቶች ናቸው። መኪናቸው ላይ የቢራው ዓርማ ተስሏል፤ ባለቤቶቹ ግን የከተማው ነዋሪዎች፣ የአካባቢው ኳስ ቡድን ደጋፊዎች፣ የቤተ ክርስቲያን አባላት ናቸው።

እነዚህ ሰዎች ማስታወቂያውን አልመረጡም፤ ስለ መውጣቱም አልተጠየቁም። ሾፌሮቻቸው በመንገድ ላይ ተሰደቡ፤ በሽያጭ መጠን ላይ ተመሥርቶ የሚከፈላቸው ሠራተኞች ገቢ ቀነሰ። ኩባንያው በጁን 2023 ለአከፋፋዮቹ የነዳጅና የማጓጓዣ ወጪ ድጋፍ እንደሚያደርግ አስታወቀ። በሐምሌው ወር ግን በአሜሪካ ካሉት ሠራተኞቹ ከ2 በመቶ የሚያንሱትን፣ በዋናነት የቢሮ ሠራተኞችን፣ አሰናበተ። በዚያው ወር በሰሜን ካሮላይናና በሉዊዚያና ሁለት የጠርሙስ ፋብሪካዎች ተዘግተው በመቶዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ሥራ አጡ። የአካባቢው መገናኛ ብዙኃን መዘጋቱን ከባድ ላይት ሽያጭ መውረድ ጋር አያይዘው ዘግበውታል።

የኩባንያው አመራር ምላሽ ነገሩን አላበረደውም። የአሜሪካው ቅርንጫፍ ሥራ አስፈጻሚ ብሬንደን ዊትዎርዝ ኤፕሪል 14 ቀን ያወጣው መግለጫ፣ ኩባንያው ሰዎችን በሚከፋፍል ክርክር ውስጥ የመግባት ፍላጎት እንዳልነበረው የሚገልጽ ነበር፤ ይቅርታ አልጠየቀም፣ ማስታወቂያውንም አልደገፈም። የገበያ ኃላፊዋና አለቃዋ ከሥራ ፈቃድ እንዲወጡ ተደረገ። የተቆጡት ነባር ደንበኞች መግለጫውን ማድበስበስ አሉት። የተመሳሳይ ጾታ ተጓዳኞችና የትራንስጀንደር መብት ተሟጋቾች ደግሞ ክህደት አሉት፤ ሂዩማን ራይትስ ካምፔይን የተባለው ድርጅት ለኩባንያው ሰጥቶት የነበረውን ከፍተኛ ነጥብ አገደ። በቺካጎ አንዳንድ መጠጥ ቤቶች የኩባንያውን ቢራዎች መሸጥ አቆሙ። አንድ ኩባንያ ከሁለት ተቃራኒ ወገን በአንድ ጊዜ "አንገዛም" ሲባል ብዙም አይታይም።

ሙልቫኒ በጁን መጨረሻ ባወጣችው ቪዲዮ ለወራት ከቤት ለመውጣት ስትፈራ እንደቆየች፣ መንገድ ላይ የሚከተሏት ሰዎች እንደነበሩ ተናገረች። ኩባንያው አንድም ጊዜ እንዳላነጋገራትም ገለጸች። ትራንስጀንደር ሰው ቀጥሮ ኋላ አለመቆም፣ ጭራሹን ካለመቅጠር የከፋ ነው የሚል ሐሳብም አክላለች። ስለ ጉዳዩ ማንም የፈለገውን አቋም ቢይዝ፣ ይህ ነጥብ በንግድ ሥነ ምግባር ሚዛን ክብደት አለው። የማስታወቂያ ውል የገባ ድርጅት የሰውን ፊት ለትርፉ ተጠቅሞበት፣ ድንጋይ ሲወረወር ግን ሰውየውን ብቻውን መተው ከየትኛውም ባህል አንጻር የሚያስመሰግን አይደለም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሳይጠቀስ የማይታለፍ የቆየ ነገር አለ። በ1970ዎቹ በሳን ፍራንሲስኮ "አንገዛም" የተባለው ቢራ ኩርስ ነበር፤ ዘማቾቹም የተመሳሳይ ጾታ ተጓዳኞችና የጭነት መኪና ሾፌሮች ማኅበር ነበሩ። ኩባንያው ሥራ ፈላጊዎችን በውሸት መመርመሪያ መሣሪያ ስለ ግል ሕይወታቸው ይጠይቃል የሚል ክስ ቀርቦበት ነበር። ኋላ ላይ የከተማው ምክር ቤት አባል የሆነው ሃርቪ ሚልክ በከተማው ያሉ መጠጥ ቤቶች ኩርስን እንዲያስወግዱ አስተባበረ። በ1995 ኩርስ ለሠራተኞቹ የተመሳሳይ ጾታ ተጓዳኞች የጤና መድን መስጠት ጀመረ። በ2023 ደግሞ ባድ ላይትን የተዉ ጠጪዎች በብዛት ከዞሩባቸው ቢራዎች አንዱ ይኸው ኩርስ ሆነ።

ወደ መኖ መደብርና ወደ ትራክተር ሻጩ

የባድ ላይት ዘመቻ ውጤት ማምጣቱን ያዩ ወገኖች ዓይናቸውን ወደ ሌሎች ኩባንያዎች አዞሩ። በሜይ 2023 ታርጌት የተባለው ትልቅ መደብር በሠራተኞቹ ላይ ዛቻ በመድረሱ ለሰኔው የፕራይድ ወር ካቀረባቸው ዕቃዎች የተወሰኑትን አነሣ። ለገጠር ጉዳይ ዘጋቢ ይበልጥ የሚያስገርመው ግን በ2024 የሆነው ነው።

ትራክተር ሳፕላይ በአሜሪካ ገጠር የተስፋፋ የግብርና ዕቃ መደብር ነው፤ ከ2,200 በላይ ቅርንጫፎች አሉት። የከብትና የዶሮ መኖ፣ የአጥር ሽቦ፣ ጫጩት፣ የሥራ ጫማ ይሸጣል። ሮቢ ስታርባክ የተባለ የማኅበራዊ ሚዲያ ዘማች ኩባንያው ለፕራይድ በዓላት ድጋፍ ማድረጉን ለገጠር ደንበኞቹ አጋለጥሁ ብሎ ተነሣ። በጁን 2024 መጨረሻ ኩባንያው ለእነዚህ በዓላት የሚሰጠውን ድጋፍ ማቆሙን፣ የብዝኃነትና የአካታችነት የሥራ መደቦቹን ማጠፉን፣ የካርቦን ልቀት ለመቀነስ የያዘውን ግብም መተዉን አስታወቀ። ከሦስት ሳምንት በኋላ አረንጓዴ ትራክተሮቹ በዓለም የሚታወቁት ጆን ዲር በማኅበራዊና ባህላዊ ሰልፎችና ፌስቲቫሎች መሳተፉን እንደሚያቆም ገለጸ።

እዚህ ላይ ሌላ የገበሬ ድምፅ ተሰማ። የጥቁር ገበሬዎች ብሔራዊ ማኅበር ፕሬዚዳንት ጆን ቦይድ የትራክተር ሳፕላይ ሥራ አስፈጻሚ ከኃላፊነት እንዲለቅ፣ ጆን ዲርም እንዳይገዛ ጠየቀ። ለዚህ ማኅበር ጥያቄው የፕራይድ ሰልፍ አልነበረም። የአሜሪካ ጥቁር ገበሬዎች ብድርና መሬት በማግኘት ረገድ ለዘመናት የደረሰባቸው አድልዎ በመንግሥትም በፍርድ ቤትም የታወቀ ነው። ኩባንያዎቹ ስለ ፕራይድ የቀረበባቸውን ተቃውሞ ለማብረድ ሲሉ አብረው ያጠፏቸው የብዝኃነት መርሐ ግብሮች እነርሱን ጭምር የሚመለከቱ ነበሩ። አንድ ወገን የጾታ ጉዳይ ብሎ የጀመረው ክርክር በዘር ምክንያት ተገፍቶ የኖረውን አራሽ ነካው። ስለ ጉዳዩ በውጭ መገናኛ ብዙኃን ሲወራ ብዙ ጊዜ ተዘልሎ የሚያልፈው ይህ ክፍል ነው።

በእኛ ሀገር እንዲህ ያለ ማስታወቂያ በቴሌቪዥንም ሆነ በሬዲዮ አይታይም። የወንጀል ሕጉ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ይቀጣል፤ የሃይማኖቱና የማኅበረሰቡም አመለካከት የታወቀ ነው። የቢራ ማስታወቂያም ቢሆን በ2011 ዓ.ም የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ከብሮድካስት መገናኛ ብዙኃን አስወጥቶታል። ስለዚህ የባድ ላይት ዓይነት ክስተት እዚህ በዚያው መልክ አይደገምም።

የሚያገናኘን ገብሱ ነው። በአርሲ፣ በባሌና በጎንደር ደጋማ ወረዳዎች ለቢራ ፋብሪካዎችና ለብቅል አምራቾች ገብስ የሚያስረክቡ ገበሬዎች ብዙ ናቸው። በአሜሪካም እንደ አይዳሆና ሞንታና ባሉ ግዛቶች የቢራ ገብስ የሚዘራው ከጠማቂው ጋር አስቀድሞ በሚፈረም ውል ነው። የገብስ ውል ከመዝራት በፊት የሚቆረጥ በመሆኑ በጸደይ ወር የሽያጭ ቀውስ ቢፈጠር ማሳ ላይ ያለውን ሰብል ወዲያው አይነካውም፤ የሚነካው የሚቀጥለውን ዓመት የውል መጠን ነው። ጠርሙስ አምራቹ በወራት ውስጥ የሚሰማውን ገበሬው በዓመቱ ይሰማዋል። የገብስ ውል የሚፈርም ኅብረት ሥራ ማኅበር ታዲያ ከኪሎ ዋጋው እኩል ሊያየው የሚገባው፣ ፋብሪካው የተዋዋለውን መጠን ባይረከብ ምን እንደሚከፍል የሚናገረውን አንቀጽ ነው። በ2015 ዓ.ም የጸደቀው የግብርና ምርት ውል አዋጅም ይህን ዓይነት ስምምነት በሕግ ማዕቀፍ ውስጥ አስገብቶታል።

ባድ ላይት ቀዳሚነቱን መልሶ አላገኘም። በ2023 መገባደጃ ከድብልቅ ማርሻል አርት ውድድር አዘጋጁ ዩኤፍሲ ጋር ትልቅ የስፖንሰርነት ውል ፈረመ፤ ማስታወቂያዎቹም ወደ ስፖርትና ወደ ቀልድ ተመለሱ። በ2024 በአሜሪካ መደብሮች ሽያጭ ወደ ሦስተኛ ደረጃ ዝቅ አለ። ሁለተኛውን ስፍራ የያዘው ሚኬሎብ አልትራ ሲሆን፣ እርሱም የዚያው የኤቢ ኢንቤቭ ምርት ነው።